ነፍሰ ጡር ታች ሱቅ አታድርም

ጥቅምት 14፣ እሑድ

የትሜ እህቴ፣ ነይና ስሚያቸው። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የያዙት የእድር ሰዎች ስላንቺ እያወሩ ነው። አንዱ «ወሊድ የሴት ዘመቻ ነው፤ ከዘመቻ ሁሉም አይመለስም» አለ። ሌላው «ዕድሜዋ ነው» አለ። ሦስተኛው ተራው የማን እንደሆነ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሚ ከንፈርሽን ነክሰሽ ሳቅሽን እንደምትይዢው አውቃለሁ። እኔ አልቻልኩም። የሻይ ብርጭቆዎቹን ከነትሪው ከእጄ ለቀቅኋቸው። ሰው ሁሉ «ይተዉት፣ ሐዘን ነው» አለ። ሐዘን አይደለም። ንዴት ነው።

ሁሉም «በወሊድ» ይላል። ያስጀመራቸው አባዬ ነው። ለቅሶ ደራሽ በር ላይ «ምን አገኛት?» ሲል አባዬ አንገቱን ደፍቶ «በወሊድ» ይላል፤ ከዚያ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። ትናንት ከጪጩ ለመጣች አንዲት ሴትዮ «ወባ ነው» አልኳት። አባዬ ሰምቶ ኖሮ ጓዳ ጠራኝና «ሁለተኛ ይቺን ቃል ከአፍህ እንዳልሰማ» አለኝ።

ለምን እንደሚፈራት ታውቂያለሽ። በወሊድ ከሆነ እግዚአብሔር ነው። በወባ ከሆነ ታች ሱቅ ነው። ታች ሱቅ ከሆነ ደግሞ ማን እዚያ እንዳስቀመጠሽ ይጠየቃል።

ነይና ንገሪያቸው። እኔን አይሰሙኝም።


ጥቅምት 17፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው። ካልጻፍኩት በየቀኑ የሚመጣው ሰው የራሱን ታሪክ ያስይዘኛል።

ሁለት ሱቅ አለን። ላይ ሱቅ እዚህ ዲላ፣ አባዬ የሚቀመጥበት። ታች ሱቅ ደግሞ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ፤ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጋዝ ይሸጥበታል፣ በለቀማ ጊዜ ደረቅ ቡና ከገበሬ ይሰበሰብበታል። እህቴ የትምወርቅ ተሻለን ስታገባ አባዬ ታች ሱቅን ለሁለቱ ሰጣቸው። ተሻለ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ሱቁን የምትጠብቀው እሷ ነበረች።

እማዬ አንድ ሕግ አላት፤ ከአባዬ እናት የወረሰችው። ነፍሰ ጡር ታች ሱቅ አታድርም። ክረምቱ ወጥቶ ውሃ በየጉድጓዱ ሲቋጥር፣ ሆድ ያላት ሴት ወደ ላይ ትወጣለች። ለቀማው አልቆ ጥር እስኪገባ አትመለስም። እማዬ ሦስታችንንም ስታረግዝ ያደረገችው ይኼንኑ ነው። በዚያ ጊዜ ሱቁን ወንድ ይጠብቀዋል።

ባለፈው ነሐሴ ላይ የየትምወርቅ ሆድ መግፋት ሲጀምር አባዬ የሚወርድ ወንድ አጣ። ታላቅ ወንድሜ ደጀኔ ቡና ለማስጫን ወናጎና ፍስሐ ገነት ይመላለሳል። ተሻለ መኪናው ላይ ነው። «እንግዲያው ፍሬዘር አንድ ሰሚስተር ትምህርቱን ያቁምና ይውረድ» አለ አባዬ፣ እኔን። ትምህርት እንደ በግ ገመድ የሚፈታና የሚታሰር ይመስለዋል።

በዚያው ሰሞን መላኩ ደማችንን መረመረ። መላኩ ጓሮ ያለውን ክፍላችንን የተከራየ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያጠናው የደም ዓይነትና የነፍሰ ጡሮችን ወባ ነው፤ በየጤና ጣቢያው እየዞረ የነፍሰ ጡሮችን ጣት ሲወጋ ይውላል። ፍልሰታ የተፈታ ሰሞን፣ የትምወርቅም ለጾም ፍቺ ወጥታ፣ እሑድ ምሳ አብሮን በላ። ሲጨርስ፣ ለምስጋና ይመስለኛል፣ ዕቃውን አምጥቶ የሁላችንንም ጣት ወጋ። ነጭ ሸክላ ላይ የያንዳንዳችንን ደም ጠብ አድርጎ ከትንንሽ ጠርሙሶች ጨመረበት። የአባዬ፣ የደጀኔና የእኔ እንደ ተበላሸ ወተት ቋጠረ። ኤ ነን። የእማዬ፣ የየትምወርቅና የደጀኔ ሚስት የቦንቱ ምንም አልሆነም። እንደ ቀላ፣ እንደ ፈሰሰ ቀረ። ኦ ናቸው።

አባዬ ሸክላው ላይ ጎንበስ ብሎ አየና «የነዚህ ደም አልተሸነፈም» አለ።

መላኩ ስልክ ተደውሎለት ወጣ። ከዚያ ኦ የሆነ ሰውን ወባ አይጥለውም ተባለ። ሳይንስ ነው ተባለ። ወባው ኤ ደም ውስጥ ሲገባ የደም ሴሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሥር ይዘጋሉ፣ ኦ ላይ ግን አይጣበቁም ተብሎ በሒሳብ ደብተር ወረቀት ላይ ሥዕል ተሳለ። ማን እንዳለው፣ ማን እንደሳለው አሁን ምን ያደርጋል? ተባለ።

አባዬ ጉልበቱን መታ አደረገ፤ የሚወደውን ነገር ሲሰማ እንዲያ ነው። እማዬ «እኔ የደም ፊደል አላውቅም። ታች አታድርም» አለች። አባዬ «አንቺ የእናቴን ዘመን ወሬ ነው የምታወሪው። የተማረ ሰው ቤትሽ ተቀምጦ!» አላት። ከዚያ የትምወርቅ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። የሳቀች መሰለኝ።

«ተዉት፣ ልጁ ይማር። እኔ ኦ ነኝ አይደል? እቀመጣለሁ» አለች።

ይኸው ነው። ጻፍኩት።


ጥቅምት 18

ትናንት ያልጻፍኩት።

መስከረም መጨረሻ ላይ አተኮሳት። ተሻለ ነው የነገረኝ፣ እያለቀሰ። ጤና ኬላ እንሂድ ሲላት ሱቁን ለማን ትቼ አለችው። ደግሞም ኦ ነኝ ብላ ሳቀች። በሦስተኛው ትኩሳት መኪናው ጋቢና አስገብቶ ሲያመጣት ከንፈሯና ጥርሷ አይለይም ነበር። ሐኪሙ የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየና ወዲያው «ደም ያስፈልጋታል» አለ። ወባው ደሟን በልቶ ጨርሷል፤ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞቷል። ምጡ ሲመጣ የቀረችውን ጥቂት ደም ይዞ ሄደ።

ዘመድ ይጠራ ተባለ። አባዬ፣ ደጀኔና እኔ እጅጌያችንን ሰብስበን ቆምን። ነርሷ «ኦ ለሁሉም ትሰጣለች፣ ከኦ በቀር ግን ከማንም አትቀበልም» አለችን። ሦስት ወንዶች ክንዳችንን አውጥተን፣ የማንረባ። እማዬ ሰጠች። አልበቃም። ቦንቱ ነፍሰ ጡር ናት ተብላ ተመለሰች። መላኩ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሮጦ ሁለት ተማሪዎች ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ልጅ ክንዱ ላይ መርፌው እንደተተከለ ነበር እማዬ ስትጮህ የሰማነው።

ልጁ ወንድ ነበር።


ጥቅምት 21፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባዬና ደጀኔ ሱቁን ከውስጥ ዘግተው ሲነጋገሩ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። አልተደበቅኩም። ጆንያ ላይ ተኝቼ ነበር።

አባዬ ታች ሱቅ በለቀማ ተዘግቶ መክረሙ አይሆንም አለ። ገበሬው ቡናውን ለሌላ መስጠት ከለመደ አይመለስም። አርባዋ ይለፍና ቦንቱ ትውረድ አለ።

ቦንቱ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ደጀኔ አሁን ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። «ኦ ናት ለነገሩ» አለ። እውነት እንዲህ አለ! እህቱን የቀበረ ሰው። አባዬም ቆላ ተወልዳ ያደገች ናት፣ የመውለጃዋ ወር ሲደርስ እናወጣታለን አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የየትም የወሊድ ነው። ሐኪሙም ደም ፈሰሳት ነው ያለው» አለ።

አሁን ገባኝ። ቦንቱን ካስቀራት የትምወርቅን ለምን አላስቀራትም ይባላል። ስለዚህ ቦንቱ ትወርዳለች። ወርዳ በሕይወት ከተመለሰች አባዬ አልተሳሳተም ማለት ነው። በሰው ሚስት ሆድ ላይ ንጽሕናውን ሊያስመሰክር!

አይሆንም። አርባዋ ኅዳር 18 ነው። እስከዚያ።


ጥቅምት 24

ትምህርት ቤት ተመለስኩ። መመለስ ይባላል እሱ።

ባዮሎጂ። መምህር አለባቸው ሰሌዳው ላይ የደም ዓይነቶችን ጻፈ። ቢተወው ምን አለ፣ ከመጽሐፉ ሁሉ ዛሬ ይኼን? የራሱን ዓይነት የሚያውቅ እጁን ያውጣ አለ። ከኋላዬ ሙሐሲን፣ «ቲቸር፣ ኦ ነው አሪፉ። ወባ ራሱ ይሸሸዋል» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ዞሬ ኮሌታውን ያዝኩት። ዴስኩ ከነደብተሩ ወደቀ።

«ምን ሆነሃል? አንተው አይደለህ እንዴ መስከረም ላይ የነገርከን?» አለኝ።

ሙሐሲን ውሸታም ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ውሸታም ነው።

መምህር አለባቸው አስወጣኝ፤ በር ላይ ደግሞ ተከትሎኝ መጥቶ ትከሻዬን ነካና ሐዘንህን አውቃለሁ አለኝ። ምኑን ነው የሚያውቀው?


ጥቅምት 25

ምሳ የለም። ንግግር የለም። ቦንቱ ዕቃዋን ማጣጠፍ ጀምራለች። አርባው ሳይደርስ!


ጥቅምት 30

መላኩን ዛሬ አገኘሁት። ከቀብሩ ወዲህ ሲያየኝ ክፍሉን ይዘጋል፤ ዛሬ ግን ጓሮ ልብስ እያጠበ ነበርና መሸሻ አጣ። ገደልካት አልኩት። እጁ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ።

አንድ ነገር ነው የነገርኩህ አለ። ኦ የሆኑት ሰዎች ራስን እስከ ማሳት በሚያደርሰው ጽኑ ወባ የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ ያነሰ ነው የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ይኼ ብቻ ነው። አይያዙም አላልኩም፣ አይሞቱም አላልኩም። ወባ ደም ያሳንሳል፣ ልጅ ያስወርዳል፤ ያ በኦ የሚቀር አይደለም። ይኼንንም የነገርኩት ለአንተ ነው እንጂ ለአባትህ አይደለም አለኝ።

ከዚያ ሳልጠይቀው ጨመረ። ለመጀመሪያ ልጅ እንዲያውም ተቃራኒውን የሚል ጽሑፍ አለ። የበኩር ልጅ በያዙ ሴቶች፣ ኦ በሆኑት የእንግዴ ልጅ ላይ ወባው በዝቶ ተገኝቷል የሚል።

«ይኼን ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አንብቤው ነበር።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«አንተ የጠየቅከኝ ኦ ይሻላል ወይ ብለህ ነው። የመጀመሪያዋ ናት አላልከኝም። ታች መቅረቷንም የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው።»

«ከሄደች በኋላስ?»

ልብሱን ጨመቀው። «ተከራይ ነኝ፣ ፍሬዘር። የባለቤቶቹን ጉዳይ ምን ብዬ?» አለ።

ባልዲውን በእርግጫ ደፋሁበት። ግን ቃል አስገባሁት። በአርባዋ ቀን፣ ቄሱና ዘመድ ሁሉ ባለበት፣ አሁን የነገረኝን አንድ በአንድ ለአባዬ ይናገራል። እሺ አለ። ሁለት ጊዜ አስባልኩት።


ኅዳር 6

ቦንቱ ምጣድ ያህል ሰፌድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከደረቁ ቡና ጥቁሩን ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አትውረጂ አልኳት። መላኩ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ ጣቷ ግን መልቀሙን አላቆመም።

እኔ እዚያ ነው የተወለድኩት አለች። የእናቴ ቤት ከሱቁ አይርቅም። እዚህ ግቢ የደጀኔ ሚስት ነኝ፣ እዚያ ግን የሱቁ እመቤት እሆናለሁ። በእናትህ ጓዳ ስንት ዓመት እንደተቀመጥኩ ታውቃለህ? አለችኝ። አማርኛዋ ስትናደድ ወደ ኦሮምኛው ያዘነብላል፤ ዛሬ ግን ቀስ ብላ ነበር የምታወራው።

የትሜም የሱቁ እመቤት ነበረች አልኳት።

«ፍሬዘር፣ አንተ የምትጣላው ለእኔ ነው ወይስ ለእሷ?»

ምን ልዩነት አለው? ልነሳ ስል የሹራቤን ጫፍ ያዘችው። በእርግጥ እፈራለሁ አለች። ማታ ማታ ሆዴን ይዤ አስባታለሁ። ግን እኔ አልወርድም ካልኩ አባባን የትምወርቅን እርስዎ ገደሏት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ምራት እንዲህ ብላ በየትኛው ቤት ትኖራለች?

እሷ አትናገርም። ደጀኔ አይናገርም። እማዬ አትናገርም። ሁሉም አባዬ እንዳይከፋው ነው የሚፈራው። ጎበዝ፣ የሚወደደው ሰው ቀርቶ የሚፈራው ሰው ነው በዚህ ቤት የሚታዘንለት።


ኅዳር 9

ደጀኔን ፈሪ አልኩት። ሚስትህን ለጨው ንግድ አሳልፈህ ሰጠህ አልኩት። ማነህ አንተ አለኝ። ማን ነበር ተነስቶ ወረቀት ላይ የሳለልን፣ አስተማሪ ሆኖ? አለኝ።

መታሁት ወይም መታኝ። ከንፈሬ አብጧል።

ስለ ሌላው አልጽፍም።


ኅዳር 13

ከነገ ወዲያ ጾመ ነቢያት ይገባል። አርባዋ በጾም ይውላል ማለት ነው፤ አባዬ ሽሮና ምስር ብቻ ሲቀርብለት ሰው ምን ይላል ብሎ ተጨንቋል። እሱ የሚጨነቅበት ነገር ይኼ ነው።

እማዬ ምስር ስትለቅም አብሬያት ተቀመጥኩ። ደም የሰጠችበት ክንዷ ላይ የነበረው ጥቁረት ጠፍቷል። እሷ ግን ቦታውን እያሻሸች ነው የምትውለው። «ደሜን ይዛ ነው የተቀበረችው» አለች። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አትናገርም።

ከዚያ ስለ ሕጓ አነሳች። አማቴ ስትነግረኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም አለች። ታች አትደሪ አለችኝ፣ አላደርኩም። ያን ዕለት ለምን ስትሉኝ የምመልሰው አጣሁ። እናንተ ሥዕል ይዛችሁ ነበር።

እናንተ አለች። አንተ አላለችም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና...» ስትል ትምህርት ረፈደብኝ ብዬ ተነሳሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ትምህርት አልነበረም።


ኅዳር 18፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ሆነ። ሁሉም ሰው ሄዷል። አባዬ መብራት አጥፍቶ ሳሎን ተቀምጧል፤ ሲያስል ይሰማኛል።

ጸበል ጻዲቁ ተበላ፣ ቄሱ ጸሎት አደረሱ። ዘመዶቻችን ሲነሱ ሲቀመጡ፣ አባዬ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ቦንቱ ሰኞ ታች ሱቅ እንደምትወርድ ተናገረ። ሰው ምርቃት ጀመረ። እግዚአብሔር ያግባሽ፣ በሰላም ገላግሎ ያውጣሽ። ምርቃቱ መሀል ተነስቼ መላኩ የሚላችሁ ነገር አለው አልኩ።

መላኩ ተነሳ። ኮት ለብሶ ነበር። እጁን አጣመረና መናገር ጀመረ፤ ስሙንና ጥናቱን ተናገረ፣ እስካሁን የሰበሰበው ናሙና ብዙ አለመሆኑን ተናገረ፣ ውጤቶች እርስ በርስ እንደሚጋጩ፣ በአንድ አገር የተገኘው በሌላው ላይገኝ እንደሚችል፣ በእርግጠኝነት ለመናገር ጊዜ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ጓሮ ላይ ለእኔ በአንድ ትንፋሽ የነገረኝን ነገር ሰው ፊት ሲቆም ቆራርጦ ቆራርጦ ምንም አስመሰለው። እውነቱን ነው፤ አንድም ውሸት አልተናገረም። ላንቀው ፈለግሁ።

አባዬ በትዕግሥት አዳመጠው። «እንግዲህ አታውቅም ማለት ነው» አለው።

«በቂ መረጃ...»

«አታውቅም። ተቀመጥ ልጄ።»

ያኔ ነው የጮህኩት። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉ አላስታውስም። የትምወርቅን ወባ ነው የገደላት አልኩ። በዚህ ቤት አርባ ቀን ሙሉ ያልተባለውን ቃል ደጋግሜ አልኩት። ወባ፣ ወባ፣ ወባ። ስሟን የምትጠሩት ሞቷን ለመሸፈን ነው አልኩ። ቄሱ ተው ልጄ አሉ። አንዲት አክስቴ ለአባትህ እንዲህ ይባላል? ብላ ደረቷን መታች። ደጀኔ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ ቀረ።

አባዬ አልተቆጣም። ይኼ ነው የከፋው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ደክሞት እንደነበር አሁን ሳስበው ይታየኛል፤ ያኔ አልታየኝም። ዝም ብሎ አየኝና ጠየቀኝ።

«እሺ። ቦንቱ አትውረድ። ማን ይውረድ?»

ጥያቄው ያው የነሐሴው ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ያኔም ጸጥ ብሎ ነበር። ያኔ እኔ ዝም አላልኩም ነበር። ያኔ ብዙ ነው የተናገርኩት።

«እኔ» አልኩ።

እማዬ ከጓዳ በር ላይ «ዋይ» አለች። መላኩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አንተ እኮ ኤ ነህ» አለኝ። ሁለተኛ ፊደል እንዳትነግረኝ አልኩት። ሰው ሰማኝ፤ ይስማ።

አባዬ «ሰኞ ተሻለ ያወርድሃል» አለ። ቦንቱ ተነስታ ወጣች። ልታለቅስ ይሁን አቅለሽልሿት አላወቅሁም።


ኅዳር 20

ጠዋት ትምህርት ቤት ሄጄ ስሜን አሰረዝኩ። መምህር አለባቸው የሚቀጥለው ዓመት ትመለሳለህ አለኝ፤ ጥያቄ ይሁን ትእዛዝ አልገባኝም። ሙሐሲን በር ላይ ጠብቆ የባዮሎጂ ደብተሩን ሰጠኝ፤ ታች ብታነበው ብሎ። ተቀበልኩት። ውሸታም አይደለም።

እማዬ አጎበር፣ ብርድ ልብስ፣ በሶ። አጎበሩን ዛሬ ማታ ነው የምትሰቅለው፣ ነገ አይደለም አለች። ሲያተኩስህ ቀን አትጠብቅ፣ ያን ሰዓት ጤና ኬላ። ሱቁ ተዘግቶ ይደር አለች። ሱቁ ተዘግቶ ይደር! ይኼን ቃል ከዚህ ቤት ሰው አፍ ስሰማ ገና መጀመሪያዬ ነው።

አባዬ ሊሸኘኝ አልወጣም። መኪናው ሲነሳ በሱቁ መስኮት በኩል ቆሞ አየሁት።


ኅዳር 21

ደርሰናል። አቧራ። ሙቀት። ከተሻለ ጋር አብረን አደርን፤ እሱ ውጪ መኪናው ውስጥ ነው የተኛው። ቤቱ ውስጥ አይገባም። የየትሜ ቀሚስ አሁንም በር ጀርባ ተሰቅሏል፤ ማናችንም አላነሳነውም።

ነገ ሊነጋ ሲል ጭኖ ይሄዳል።


ኅዳር 22

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነጋልኝ። ጎህ ሲቀድ ተሻለ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ፤ አቧራው እስኪወርድ በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ። የሱቁን ሳንቃ አነሳሁ። መደርደሪያው ላይ የተከመረውን አቧራ ጠረግሁ፣ የአይጥ ፍግ ነበረበት። ስኳሩ ድንጋይ ሆኗል። ሳሙናውን መልሼ ደረደርኩት፤ እሷ እንዴት ትደረድር እንደነበር ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ፣ እንደራሴ አደረግሁት።

ሰው መምጣት ጀመረ። የቆላው ሰው አብዛኛው ያውቃል፤ ነፍስ ይማር ብሎ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ አንዲት ጌዴኦ ሴትዮ መጣች፣ ከደጋ ለለቀማ የወረደች፣ ጀርባዋ ላይ ቅርጫት። ሱቁን በዓይኗ ዞረች።

«ሴትዮዋስ? ቀዩዋ። መስከረም ላይ መጥቼ ሆዱ እዚህ ደርሶ ነበር» አለች፣ እጇን ከደረቷ በታች አድርጋ። «ወለደ?»

«አዎ» አልኩ።

«እሰይ! ወንድ ነው ሴት ነው?»

«ወንድ።»

ፊቷ ፈካ። ምርቃቷን ሳትጨርስ አቋረጥኳት፤ ሞቶ ነው የተወለደው፣ እሷም ሞታለች አልኳት። ቅርጫቷን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«በወሊድ?»

«አይደለም» አልኳት። «ወባ ነው የገደላት። ወደ ላይ መውጣት ሲገባት እዚህ እንድትቀመጥ አደረግናት።»

ሴትዮዋ ጨው ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ በቋንቋዋ አለቀሰች። ስሟን አላውቅም። እሷና የትምወርቅ ጨው ከመሸጥና ከመግዛት ሌላ ምን እንደነበሩ አላውቅም። ከባንኮኒው ኋላ ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ። ሌሎቹ ገበያተኞች በር ላይ ጠበቁ።

ሲወጣላት ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። ግማሽ ኪሎ ጨው አለች። መዘንኩላት፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ ቅርጫቷን አሳዘልኳት።

ቀጥሎ የቆመው ሰውዬ ሳሙና አለ።